የክብር እንግዳው የመጣበት ክረምት

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ዛሬ ሰይፉ ቢሮው አስጠርቶኝ የዝግጅት ኮሚቴ ጸሐፊ አደረገኝ። ርዕሰ መምህራችን "ምን ይመስልሻል?" ይላል እንጂ መልሱን አይጠብቅም። "ቲቸር አዛለች፣ አንቺ የስንቱን ተማሪ ታሪክ ታውቂያለሽ፣ እጅሽም ለጽሑፍ ይሄዳል" አለኝና ወዲያው ወደ ስልኩ ዞረ። ከመርጡለማርያም ቡታጅራ ተመድቤ ጂኦግራፊ ማስተማር ስጀምር ራሴ ላይ አንድ ሽበት አልነበረም። ስለዚህ አዎ፣ የስንቱን አውቃለሁ።

ዝግጅቱ የቀድሞ ተማሪዎች ቀን ነው። ለአረፋ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሁሉ ወደ አገሩ ስለሚገባ፣ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሰኞ ይደረጋል ተብሏል። የክብር እንግዳው ሙዝደሊፋ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሱቆች አሉት። ለትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ዴስክና ግድግዳ የሚሞላ የአፍሪካ ካርታ ሊሰጥ ነው። ልጁን አስታውሰዋለሁ። መስኮት ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ መጨረሻው አልተለያዩለትም።

ግንቦት 22፣ አርብ

የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ለሰይፉ አሳየሁት። "ማትሪክ መውደቁን አውጪው" አለኝ። አወጣሁት። በቦታው "የትምህርትን ጎዳና በሥራ ጎዳና ተካው" ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ሳቄ መጣ።

እንዴት እንደሄደ ግን ስለማላውቅ ደወልኩለት። "ደቡብ አፍሪካ የገባኸው በምን ነበር?" አልኩት። "በአላህ ፈቃድ ብለው ይጻፉት፣ ቲቸር" አለኝ። እንደዚያው ጻፍኩት።

ግንቦት 29፣ አርብ፣ አረፋ

ሽባባው ከጉብሬ መጣ። ባለቤቴ እዚያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ንብረት ክፍል ስለሚሠራ ከወልቂጤ ወዲህ የሚሻገረው ለበዓልና ለቅዳሜ እሑድ ነው፣ ያውም መንገዱ ሲፈቅድ። ከሰዓት በኋላ ከልጃችን ከይትባረክ ጋር ሦስታችን ሀጀራ ቤት ገባን። ሀጀራ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጣለች። ልጇ ራምዚና የእኔ ይትባረክ አብረው ድክድክ ያሉ፣ አሁንም አሥራ አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ለእኛ እንደ ሁልጊዜው ቆጮውንና አይቡን ለብቻ አዘጋጅታ ጠበቀችን።

ቤቱ ከመርካቶ በመጡ ዘመዶቿ ሞልቷል። አንደኛው የእህቱን ልጅ ከበዓል በኋላ ይዞት ሊሄድ ከእናትየው ጋር ይነጋገራሉ። ይህ የአገሩ ወግ ነው። ለአረፋ ወይም ለመስቀል የመጣ ነጋዴ ሲመለስ ከዘመድ አንድ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ልጁ ሱቅ ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል፣ ንግድ ይለምዳል፣ ሲበስል የራሱን ይከፍታል። የስንቱ ሱቅ የተወለደው እንዲህ ነው። ሽባባው "እኛ አገር ልጅ የኔታ ጋ ይሰደዳል፣ እነሱ አገር ሚዛን ጋ። የቱ እንደሚያዋጣ ደመወዜን አይታችሁ ፍረዱ" ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ይትባረክ ግን አልሳቀም። ሰውየውን "ከመርካቶ ሌላ ቦታም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ?" ብሎ ጠየቀው።

"ገንዘብ ያለበት ሁሉ መርካቶ ነው" አለው ሰውየው።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ድካሜን ረስቼ ነው የምጽፈው። ቀኑ ያማረ ነበር። ድንኳኑ ሞላ፤ ከመስቃን ገጠር ሳይቀር በጋሪ የመጡ ወላጆች ነበሩ። ሐኪም የሆነው፣ ኢንጂነር የሆነችው፣ ወልቂጤ ኃላፊ የሆነው ሁሉ ተራ በተራ ተጠርተው ተጨበጨበላቸው። ሙዝደሊፋ ሲነሳ ግን ጭብጨባው ሌላ ነበር። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፣ ወፍሯል፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ንግግሩ አጭር ነበር።

"እኔ ከዚህ ግቢ የወጣሁት ባዶ እጄን ነው። ካርታ ማንበብ ያስተማሩኝ ቲቸር አዛለች ናቸው። መንገዴን ያገኘሁት በእሳቸው ነው" አለ።

ሰው ፊት አለቀስኩ። በአገልግሎት ዘመኔ ከደረሰኝ ምስጋና ሁሉ ይሄ ይበልጣል። በትክክል ማስተማሬን እጠራጠር ነበር፤ ዛሬ ጥርጣሬዬ ለቀቀኝ።

ከዚያ ሐጂ ሙሀመድአወል፣ የአካባቢው ትልቅ ሽማግሌ፣ ተማሪዎቹን አስነስተው ዱዓ አደረጉ። "እንደ እሱ ያድርጋችሁ። እሱ የረገጠውን ያስረግጣችሁ፣ እሱ የደረሰበት ያድርሳችሁ" አሉ። ልጆቹ መዳፋቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ሀጀራ ብቻ ከሻይ ማንቆርቆሪያዋ ጀርባ ቆማ ራምዚን በዓይኗ ትፈልግ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከዓመታት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሙዝደሊፋ እስኪሄድ ድረስ ልጆቹን ከሰዓት በኋላ በነፃ ሊመክር ፈቃድ ጠየቀ። ሰይፉ ደስ ብሎት ከማክሰኞ ጀምሮ የጂኦግራፊ ክፍሉን ሰጠው። አዲሱ ካርታ የተሰቀለው እዚያ ነው።

የምክሩ ፍሬ ወዲያው መታየቱ ገርሞኛል። ዘንድሮ ልጆቹ ካርታ እንዴት እንደወደዱ! ዛሬ በክለሳ ሰዓት እኔን አላስቀምጥ አሉኝ። ከሞያሌ ናይሮቢ መንገዱ አስፋልት ነው ወይ? ታንዛኒያና ማላዊን የሚለየው ወንዝ ነው ሐይቅ? ሰኔና ሐምሌ እዚያ ዝናብ ነው ወይስ በጋ? ከምድር ወገብ በታች ወቅቱ እንደሚገለበጥ፣ እኛ ጭቃ ስንረግጥ እነሱ በደረቅ ብርድ እንደሚንቀጠቀጡ አስረዳኋቸው። ኡበይድ፣ ያ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚጥለው የመስቃን ልጅ፣ ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያሉትን አገሮች ካርታውን ሳያይ በተራ ጠራቸው። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት።

ይትባረክ ከኋላ ተቀምጦ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። የአስተማሪ ልጅ ስለሆነ ያፍራል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

በጥድፊያ ነው። ፈተና ላይ ነን። ኡበይድ አልመጣም። ሌሎችም ሁለት ወንዶች የሉም። እህቱ ፈቲሀ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ጠራኋት። "መርካቶ ሄደ፣ ከዘመድ ጋር" አለችኝ መሬት እያየች። እንግዲህ አረፋ ካለፈ በኋላ ሁሌ የሚሆን ነው። ቢያንስ ፈተናውን ቢጨርስ ምን ነበረበት።

ሙዝደሊፋም አዲስ አበባ ተመልሷል አሉ። ሳይሰናበተኝ።

ሰኔ 13፣ አርብ

ይትባረክ ምን እንደነካው እንጃ። ሳልነግረው ውሃ ይቀዳል። የኩሽናውን በር፣ አባቱ ዓመት ሙሉ "ነገ" ሲለው የኖረውን፣ ዛሬ ጠግኖ ጨረሰው። ማታ ማታ አጠገቤ ይቀመጣል። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ እናቱ አጠገብ ሲቀመጥ ደስ ይላል። የልደት ሰርተፍኬቱን ጠየቀኝ። ለእግር ኳስ ውድድር ዕድሜ ይጣራል አለ። አውጥቼ ሰጠሁት።

ልብስ ሲያጥብ "ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ" እያለ ሲቆጥር ሰማሁት። ምንድን ነው ስለው "ዘፈን ነው እማ" አለኝ።

ሀጀራ ጠዋት ሻይ ስትቀዳልኝ "አዛለች፣ ልጆቹ ፎቶ ቤት ተሰልፈው ጉርድ ፎቶ የሚነሱት ለምንድን ነው?" አለችኝ።

"ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ነው" አልኳት።

ምዝገባው ገና ነው። የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ተናገርኩ፤ የአስተማሪ አመል።

ሰኔ 20፣ አርብ

የኡበይድ እናት ዘይባ ዛሬ ከገጠር መጣች። ዝናብ መትቷት ነጠላዋ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ሰይፉ ቢሮው አስገባት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የሚሉትን ሰማሁ።

"ልጄ ደወለ። መርካቶ አይደለም። ያለበት አገር ሰው አማርኛም የኛንም አይችልም አለኝ፣ ከዚያ ጠፋ" አለችው።

"እናቴ፣ ልጁ የሄደው ከግቢ ውጭ ነው። እኛ ምን እናድርግ?" አላት ሰይፉ።

ግቢው ውስጥ ኮምፒዩተሮቹ ከመኪና እየወረዱ ነበር። መምህራኑ ሁሉ ካርቶን ለመቅደድ ይሻማሉ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚሉት ይሄን ነው። እኔም ከሚልሱት ነኝ፤ አንዱ ኮምፒዩተር ለጂኦግራፊ ክፍል እንዲሰጠኝ ትናንት ጠይቄያለሁ።

ዘይባ ስትወጣ ሻይ ላጠጣት ወሰድኳት። መምህር መሆኔን ስታውቅ "ታንዛኒያ ነኝ ብሎኛል፤ የት ነው ያለው?" አለችኝ። ክፍል አስገብቼ በካርታው ላይ አሳየኋት። ጣቷን ከኛ አገር ላይ አስነስታ እዚያ አሳረፈችው። አንድ ስንዝር አልሞላም። "ቅርብ ነው ለካ" አለችና ፊቷ በራ። ካርታ ላይ ሁሉም ቅርብ ነው ልላት ነበር። አላልኳትም። ማን እንደወሰደውም አልጠየቅኋት። እንደማውቅ ስለማውቅ ይሆናል።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ለሽባባው ደወልኩ። የልጁ ጨዋነት፣ ሰርተፍኬቱ፣ ዘይባ፣ ያ መቁጠር፣ ሙዝደሊፋን መጠርጠሬ፣ ሁሉንም ነገርኩት። መቁጠሩ የስዋሂሊ ነው፤ ዛሬ አንዱን መምህር ጠይቄ አረጋገጥኩ።

"አትቸኩዪ። ሰውን በጥርጣሬ ስሙን ማጥፋት ነውር ነው። እዚህ ወልቂጤም ሊሸልሙት ነው፣ ባነር አሠርተውለታል" አለኝ። የተራራው መንገድ በጎርፍ ተበላሽቷል፤ እሑድ ግን በምንም በምን ይመጣል። እሱ ሲመጣ ልጁን አስቀምጠን አባትና እናት ሆነን እናናግረዋለን ተባባልን። እኔ ብቻዬን ብጀምረው ይደነግጥብኛል፣ ይሸሻል።

እስከ እሑድ ምን ይሆናል።

ሐምሌ 4፣ አርብ

ይትባረክ የለም።

ኳስ ሊጫወት ብሎ በጠዋት ወጣ። ሳመኝ። ደጅ ደርሶ ተመልሶ ሳመኝ። አልገባኝም። እጄ ዱቄት ስለነበር አላቀፍኩትም።

ስልኩ ዝግ ነው።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ሀጀራ ራምዚን ዱላ ይዛ አናገረችው። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ነበር። እሷ ቀድማ የልደት ወረቀቱን ደብቃበት ስለነበር መኪናው ጋ ደርሶ ተመለሰ። ያናገራቸው፣ ያሳመናቸው፣ መኪናውን የላከው ሙዝደሊፋ ነው። አሁን ምንም አትከፍሉም፣ ስትደርሱ ሱቅ ውስጥ ሠርታችሁ ትመልሳላችሁ ብሏቸዋል። "መንገዱን ቲቸር አስተምራችኋለች" ብሎም ቀልዶባቸዋል።

ራምዚ ይህን ሲናገር አያየኝም ነበር። ሀጀራ ዱላውን ጥላ አቀፈችኝ፤ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ጭቃ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ ጮህኩ። የሌላ ሰው ልጅ ሲሄድ መርካቶ ነው አልኩ። ወግ ነው አልኩ። እንግዳ ስለሆንኩ የአገሩን ወግ አልነካም እያልኩ አንድም እናት ሳልጠይቅ ዝም አልኩ፤ ወጉን ያከበርኩ መስሎኝ ለሌባ በር ከፈትኩ።

ሽባባው በጭነት መኪና ተንጠላጥሎ ማታ ደረሰ። ፖሊስ ጣቢያ ሄደን ቃላችንን ሰጠን፤ የሙዝደሊፋንም ስም ነገርን። ሰይፉ ቤት ስንሄድ ከልቡ አዘነ። ሲሸኘን ግን "የሰውየውን ስም ባታነሱ፤ የዕቃውን ርክክብ ገና አልፈረምንም" አለን።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ሙዝደሊፋ ደወለ።

"እንዴት ዋሉ ቲቸር? ይትባረክ ደህና ነው። ከራሴ ልጅ ለይቼ አላየውም" አለኝ። ዛሬም አንቱ ይለኛል። ሰደብኩት። አልተቆጣም፤ ጨርሼ ዝም እስክል ጠበቀኝ።

"ቲቸር፣ መንገድ ላይ ያሉት የኔ ሰዎች አይደሉም። ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ እጅ ነው የሚተላለፈው። ፖሊስ ገባበት የሚል ወሬ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። የደነገጠ ሰው የጫነውን የት እንደሚያራግፍ አይታወቅም። እኔም የሄድኩት እንዲሁ ነበር፣ አልሞትኩም። ለልጁ ሲሉ ቃልዎን ያንሱ። ሰውም ሲጠይቅዎ ደህና ነው ይበሉ። ደህና ደግሞ ነው።"

ከሽባባው ጋር ተጣላን። እሱ አናነሳም አለ፣ እኔ እናነሳለን አልኩ። በመጨረሻ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "እንደፈለግሽ" አለኝ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ጣቢያ ሄጄ ልጁ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ተገኘ አልኩ። ፖሊሱ ደግ ልጅ ነው። "እንኳን ተገኘልዎት" አለኝ። አመሰገንኩት።

ለሀጀራ ደግሞ ደውሎልኛል፣ ደርሷል፣ ሱቅ ገብቷል አልኳት። ደስታዋን ብታዩት። ስጀምር አንድ ሰው ብቻ የምዋሽ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ይትባረክ ደወለ። ድምፁን ሰማሁት።

"እማ፣ ደህና ነኝ። ማላዊ ነን መሰለኝ። ብርድ ነው።"

"ምን ትበላለህ?"

"ገንፎ። ነጭ ነው። እማ፣ ኡበይድን ታንዛኒያ አግኝተነው ነበር። ወርዷል።"

"የት ወረደ?"

"መንገድ ላይ። መኪናው ዝግ ነበር፣ አየር የለውም። ወርዷል በቃ። ለእናቱ እንዳትነግሪ።"

ከጀርባው ሰው ጮኸበትና ስልኩ ተቋረጠ።

ወርዷል ማለት አሞት ሐኪም ጋ አድርሰውት ይሆናል። ሥራ አግኝቶም ሊሆን ይችላል። ማላዊ ውስጥ እርሻ አለ። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ወርዷል ማለት ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዘይባ መጣች። በገበያ ቀን ሁሉ ትመጣለች። በርበሬ በፌስታል ይዛልኝ መጣች።

"ከልጅሽ ጋር አብረው ናቸው አሉኝ። የኔ ምን አለ?"

"ደህና ነው ይላል" አልኳት።

በርበሬውን ተቀበልኩ። እምቢ ብል ትጠረጥራለች።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

የክረምት በጎ ፈቃድ ማስጀመሪያ ነበር። የቀድሞ ተማሪዎች ችግኝ ተከሉ፣ የአንዲት አሮጊት ቤት ጣሪያ ቀየሩ፣ ለሙዝደሊፋ ደግሞ "አርአያ የቀድሞ ተማሪ" የሚል የምስክር ወረቀት ተዘጋጀለት። እሱ ስላልነበረ ወንድሙ ተቀበለለት። ሐሙስ ዕለት የሕይወት ታሪኩን እንዳነብ ሰይፉ ሲጠይቀኝ አሞኛል ብዬ ነበር። ማታውኑ ሙዝደሊፋ ደወለ፤ "እርስዎ ካላነበቡት ሰው ምን ይላል?" አለኝ። ከይትባረክ ጋር እንዲያገናኘኝ ጠየቅሁት። "ከንግግሩ በኋላ አገናኛችኋለሁ" አለኝ።

አነበብኩት። "በአላህ ፈቃድ" የምትለዋ ጋ ስደርስ ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ ሰው በደስታ መሰለው፤ አጨበጨበ።

ስወርድ አንድ አባት ለጎረቤቱ "አስተማሪዋ እንኳ የገዛ ልጇን ለእሱ አደራ ሰጥታ የለ?" ሲለው ሰማሁ። ዞሬ "የእኔ ልጅ አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ነው" አልኩ። አንዲት ሴት ክንዴን ያዝ አድርጋ "ደብቂው እህቴ፣ ደግ አደረግሽ፣ ምቀኛ አይጠፋም" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ላስተባብል? ባስተባበልኩ ቁጥር ሀብቴን የምደብቅ ነው የምመስለው።

አላገናኘኝም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ይትባረክ አልደወለም። ፍልሰታ ጀምሬያለሁ ብዬ ምግብ ትቻለሁ፤ እንደ እውነቱ ግን ስላልተበላልኝ ነው። ሽባባው ለሥራው ብሎ ጉብሬ ተመለሰ። ስንሰነባበት እኔም እሱም አልተያየንም።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ሀጀራ ቤቴ መጣች። ሳምቡሳ በሳህን ሸፍና፣ አዲስ ሻሽ አስራ።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አዛለች። አንቺን ሳላማክር ምንም አላደርግም፣ ታውቂያለሽ። ለራምዚ ፈቀድኩለት" አለችኝ።

"ለምኑ?"

"ለመንገዱ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ማክሰኞ ይሄዳል፣ ኢንሻአላህ።"

ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።

"ወንድምሽስ?" አልኳት።

"ወንድሜ ሰው ሳይኖረው በጨለማ ነው የወጣው። ራምዚ ሰው አለው። ወላሂ ስንት ሌሊት አስቤበታለሁ። ያን ቀን ጭቃ ላይ ተቀምጠሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። ያኔ ቢሆን አንገቴን ብቆረጥ አልሰደውም። አሁን ግን በሕዝብ ፊት ቆመሽ አመሰገንሽው። ልጅሽ ባይደርስ ኖሮ አንቺ ያንን ወረቀት አታነቢም። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ፤ አትዋሺም።"

ያገኘሁት ቃል "አሥራ ሁለተኛን ይጨርስ እንጂ" የሚል ብቻ ሆነ።

"ጨርሰው የተፈተኑት ስንቱ አለፉ? አንቺው ንገሪኝ" አለች። ጥቂት ናቸው። ታውቃለች፣ አውቃለሁ።

እውነቱን ብነግራት ዛሬውኑ ራምዚን ትይዘዋለች። ከያዘችውም ለምን እንደያዘችው ትናገራለች፤ ሀጀራ ነገር ሆዷ አያድርም። መኪናውን የሚጠብቁት ሰዎች ይሰማሉ። ሙዝደሊፋ ይሰማል። የእኔ ልጅ እዚያ በእነሱ እጅ ነው። በዚህ በኩል ራምዚን፣ በዚያ በኩል ይትባረክን አስቀምጬ መዘንኩ፤ ሁለቱም በእጄ የበሉ ልጆች ናቸው። የእናት ሚዛን ግን ወደ አንድ በኩል ነው የሚደፋው። ይህን መጻፍ ያሳፍራል። ጻፍኩት።

"አላህ ያግባው በይልኝ እንጂ" አለች ሀጀራ።

"በሰላም ያግባው" አልኳት።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ሦስት ጊዜ እስከ አጥሩ ሄጄ ተመለስኩ። አንዴ ሀጀራ አየችኝና "ምን ፈለግሽ?" አለችኝ። ጨው አልኳት። ጨው ሰጠችኝ።

ለሽባባው ደወልኩ። "ንገሪያት" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ራሱ መልሶ ደወለና "ቆይ፣ እስኪ ልጁ ይደውል" አለኝ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ራምዚ ሊሰናበተኝ ገና ሳይነጋጋ መጣ። ቦርሳ ይዟል፣ ያችኑ ለትምህርት ቤት የሚይዛትን። ጸጉሩን ተቆርጦ ልጅ መስሏል።

"ቲቸር፣ ለይትባረክ የምትልኪለት ካለ" አለኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። እናቱ የለችም፣ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው የለም። ኡበይድ ወርዷል ብለው ይበቃው ነበር፤ ራምዚ ብልህ ልጅ ነው። ነገር ግን "ለይትባረክ" ሲል እዚያ የሚደርስ ሰው ፊቴ እንደቆመ ብቻ ነው የታየኝ። ልጄን በዓይኑ የሚያይልኝ ሰው።

ጓዳ ገብቼ ወፍራሙን ሹራብ አመጣሁ። እዚያ አሁን ብርድ ነው። ራምዚ ደብተር ሲያስገባ እንደሚያደርገው በሥነ ሥርዓት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጠው። ጉንጬን ሳመኝ።

"ለራስህም ወፍራም ልብስ ያዝ" አልኩት። የነገርኩት ይህንን ብቻ ነው።